ከእርሻ ውጭ ሥራ ለገጠር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደጋማው የአገራችን ክፍል ከአባት ለልጅ የሚተርፍ መሬት እያለቀ ነው። ግማሽ ሄክታር ለአራት ልጆች ሲሸነሸን አንዱንም አያኖርም። ከእርሻ ውጭ የሆነ ሥራ የግድ ሆኗል፤ ሳይታሰብበት ከተያዘ ግን ድህነቱን ከነበረበት ፈቀቅ አያደርገውም።

ማንኛውንም ገቢ ከድህነት እንደ መውጫ መቁጠር አንዱ ስህተት ነው። ከሰል አክስሎ፣ እንጨት ለቅሞ የሚሸጥ ሰው ወደዚያ የገባው ቸግሮት እንጂ አዋጥቶት አይደለም። እርሱን ሥራ ከተፈጠረላቸው መካከል አስገብቶ ሪፖርት ማድረግ ራስን ማታለል ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ገዢው ማን እንደሆነ አለመጠየቅ ይመስለኛል። ጠላ ጠማቂዋም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ፀጉር አስተካካዩም የሚተዳደሩት ከገበሬው ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጥር ሲገባ ሠርጉ ይበዛል፣ ገበያው ይደምቃል፣ የልብስ ሰፊው መኪና እስከ ማታ አያርፍም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው መኪና ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ዝናብ የቀረ ዓመት ደግሞ ገበሬውና ሰፊው እኩል ይጎዳሉ፤ መኪናውም ለእህል መግዣ ይሸጣል። ስለዚህ ድርቅ በሚደጋገምበት ወረዳ ገንዘቡ ከአካባቢው ውጭ የሚመጣበትን ሥራ መፈለግ ያስፈልጋል። የዶርዜ ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ አዲስ አበባ ድረስ ገዢ ስላለው ኑሯቸው በአገራቸው በጨንቻ አዝመራ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ለሥራው የሚሰጠው ብድርም ይህንኑ የገበያ ወቅት ይከተል፤ በየወሩ እኩል ክፈል የተባለ ተበዳሪ ክረምት ላይ በጉን ሸጦ ይከፍላል።

በአንድ ቀበሌ ያለውን ወጣት ሁሉ በአንድ ዓይነት ሥራ ማደራጀትም ይቅር። ቤት በእንጨትና በጭቃ በሚሠራበት ቀበሌ የብሎኬት ማኅበር ለማን ይሸጣል? በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ (እየተመለሰ ለሌላው የሚበደር ገንዘብ) መድቦ ነበር፤ ገንዘብ ግን ብቻውን ገበያ አይፈጥርም።

የባለ እጅ ንቀትም አለ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬም የሸክላ ሠሪዋን ምጣድ ገዝቶ ከእርሷ ጋር ማዕድ የማይቀርብ ሰው አለ። ልጇ ይህን እያየች ሙያውን ትሸሻለች፤ ከዚያ ወረዳው ሌላ ሙያ የሚያስተምር አሠልጣኝ ከከተማ ያስመጣል። ሥልጠና ሲታቀድ በቅድሚያ የቀበሌው ባለ እጆች በአሠልጣኝነት ይጠሩ፤ አበሉም ለእነርሱ ይከፈል።