በድሬዳዋ ሙቀት ጊዜን እንዴት መደልደል እንደሚቻል፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ

አንደኛ ዓመት ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣ የጥናት ፕሮግራም ነበረ። ታላቅ ወንድሜ የተመረቀበት ነው፤ በማስመሪያ ተሰምሮ በሦስት ቀለም ተጽፏል። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ቦታ ላይ በቀይ «ከባድ ጥናት» ይላል። እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት አልዘለቀም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል፣ 1,200 ሜትር ገደማ። በሰባት ሰዓት ዶርም ውስጥ ደብተር ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ገጹ ክርኑ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግረዋል እንጂ ምንም አያነብም።

1. መጀመሪያ ዕዳችሁን ቁጠሩ። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበትን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። በሴሚስተር 30 ክሬዲት ከያዛችሁ ከ750 እስከ 900 ሰዓት አለባችሁ። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ የክፍሉን ሰዓት ቀንሱ፤ የቀረው ማንም የማይጠራችሁ፣ ራሳችሁ የምትፈልጉት ሰዓት ነው። እኔ ይህን ስሌት የሠራሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

2. ለሦስት ቀን ያደረጋችሁትን ሁሉ በየሰዓቱ ጻፉ። ሳታሳምሩ።

3. ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ለከተማዋ ተዉላት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ድሬዳዋ ቀኑን እንዴት እንደምትከፍል ከማንም በላይ ታውቃለች። እኩለ ቀን ሲሆን የመጋላ ሰፈር ሱቆች መዝጋት ይጀምራሉ፤ ወንዶቹ ሽርጥ አገልድመው አረፍ ይላሉ፤ የባጃጅ ሹፌሩ እንኳ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ከተማው በሙሉ ያረፈበትን ሰዓት በጉልበት አሸንፋለሁ ማለት የማያዋጣ ግብግብ ነው። ስለዚህ ከባዱን ትምህርት፣ ስሌት ያለበትን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት አድርጉት። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ግቢው ፀጥ ይላል፤ ቧንቧው ላይም ወረፋ የለም። ከምሳ በኋላ ሠላሳ ወይም አርባ ደቂቃ ተኙ። ሁለት ሰዓት የተኛ ሰው ግን ራሱን እያመመው ይነሣል፤ ማታም እንቅልፍ ያጣል። ከስምንት እስከ አሥር ያለውን አእምሮ ለማይጠይቅ ሥራ ስጡት፦ ማስታወሻ መገልበጥ፣ ልብስ ማጠብ (ለዚህ የድሬን ፀሐይ የሚስተካከላት የለም)፣ ለነገ የሚያስፈልገውን መለየት። ፎቶ ኮፒ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ በኋላ ብትሄዱ የተዘጋ በር ነው የምታዩት። ሁለተኛው የጥናት ጊዜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጫት ዝም ብል ውሸታም እሆናለሁ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከሰዓት በኋላውን በበርጫ «አጥንቻለሁ»። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፤ ድካም ያስረሳል፣ እንቅልፍ ያባርራል። በምርቃና የነደፍኩት ፕሮግራም አሁንም ደብተሬ ላይ አለ፦ በቀን አምስት ምዕራፍ፣ በተጨማሪ ፈረንሳይኛ፣ በተጨማሪ የማለዳ ሩጫ። ያን ሁሉ የጻፈው ሰው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጣራ ሲያይ ያድራል፤ ከዚያ ወርቅ የሆነው የንጋቱ ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል። ለከሰዓቱ አራት ሰዓት የሚከፈለው ዋጋ የማግስቱ ንጋት ነው። ለእኔ አላዋጣኝም።

4. የገመታችሁትን ሰዓት በአንድ ተኩል አባዙ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮጀር ቢውለር ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው ነበር። በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ገመቱ፤ የፈጀባቸው 55 ቀን ከግማሽ ነው። እነዚያ ሰነፎች አልነበሩም። ሁላችንም ሥራውን ስናስብ ምንም ሳያደናቅፈን ሲያልቅ ብቻ ነው የሚታየን፤ መብራት እንደሚጠፋ፣ የቡድኑ አንድ አባል ቤተሰብ ጥየቃ እንደሚሄድ አናስብም። የቡድን ሥራ ከሆነ እንዲያውም በሁለት አባዙና ለጓደኞቻችሁ የማስረከቢያው ቀን ከእውነተኛው ሁለት ቀን የሚቀድም አድርጋችሁ ንገሩ።

5. መሣሪያ። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያና እርሳስ ይበቃል። የስልክ መተግበሪያዎችን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ፕሮግራም ልጽፍ ከፍቼ ቪዲዮ ሳይ አመሻለሁ። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የጀመረው ዘዴ አለ፦ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ስሙንም ቲማቲም ከሚመስለው የወጥ ቤት ሰዓቱ ወስዶ ፖሞዶሮ አለው። ለሚሸመደድ ትምህርት ግሩም ነው። ለካልኩለስ ግን አልወደውም፤ ጥያቄው ገብቶኝ መሥራት ስጀምር ሰዓቱ ይጮኻል።

6. የፈተና ሰዓትን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ጠዋት 2:30፣ ስልክ ላይ 8:30»። ቀላል ይመስላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል የማጠቃለያ ፈተና ነበረኝ። አሥራ ሁለት ተኩል ልነሣ ብዬ በድካም ስልኬ ላይ 12:30 ሞላሁ። ደወሉ የጮኸው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከተኛሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ተራግሜ አጠፋሁት። የዶርም ጓደኞቼ ሌላ ትምህርት ክፍል ስለነበሩ እንዳይቀሰቅሱኝ ብለው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። የነቃሁት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊቴን ስታቃጥለኝ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው። ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት። የክፍለ ጊዜው ሰዓት ሲለጠፍ ሄጄ አየሁት፦ ሰኞና ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል።