ከደጅ የሚጣለውን ወደ ገቢ መመለስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አነስተኛ ድርጅቶች

በደሴና በኮምቦልቻ የሚሠሩ ባለድርጅቶች ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነገራቸው አስቀድሞ የሚታያቸው ወጪ ነው። የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ለዓመታት ስይዝ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። በጭስ፣ በእጣቢ ወይም በቆሻሻ መልክ ከግቢ የሚወጣው ነገር ሁሉ ቀድሞ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ማገዶው ተገዝቷል፣ ውኃው ተከፍሎበታል፣ ጤፉም በኩንታል ተሸምቷል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው የሚወጣውን በመመዘን ነው።

ልኬቱ ከአንድ ሚዛን፣ ከአንድ ደብተርና ከሰባት ቀን ትዕግሥት የበለጠ አይጠይቅም። የገባው፣ የተሸጠውና የተጣለው በየዕለቱ ማታ ይጻፋል። እንጨት በእስር ወይም በሸክም ሳይሆን በኪሎ ይመዘን፤ አንዱ እስር ከሌላው አይተካከልምና። ውኃ በቆጣሪ ንባብ፣ በቦቴ ወይም በጄሪካን የሚገዛ ከሆነም በሊትር ይያዝ። ለልኬቱ የሚመረጠው ሳምንት ከወትሮው የራቀ መሆን የለበትም፤ በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የተወሰደ ልኬት የአንድን ምግብ ቤት የሌላ ወር ፍጆታ አያሳይም። በመጨረሻም የነደደው እንጨት ለተጋገረው እንጀራ፣ የፈሰሰው ውኃም ለታጠበው መኪና ወይም ለተስተናገደው እንግዳ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ለሚቀጥለው ለውጥ ሁሉ መነሻ ይሆናል። ይህ ቁጥር ሳይኖረው አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ማትረፉንም መክሰሩንም ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ምግብ በሚዘጋጅበት ቤት ትልቁ ብክነት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በማገዶ ላይ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ምጣዱ ሥር የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ግን እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ ስለሚይዘው፣ በአግባቡ ከተያዘ ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እኔ ባለድርጅት ሲያማክረኝ የማሰላው በግማሽ ሳይሆን በሲሶ ነው። ለምሳሌ በቀን 60 ኪሎ የሚያነድ መጋገሪያ ቤት ሲሶውን ቢቆጥብ በቀን 20 ኪሎ፣ በ26 የሥራ ቀናት 520 ኪሎ እንጨት ሳይገዛ ይቀራል። ይህን በሠፈሩ ዋጋ አባዝቶ ከምድጃው ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው።

ይሁንና ምድጃው ብቻውን አይበቃም። በደሴ ሰኞ ገበያ አቅራቢያ በምትገኝ አንዲት መጋገሪያ ቤት ምድጃው ከተተከለ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተሩ ምንም ለውጥ አላሳየም። አንድ ማለዳ ሄጄ ከእሳቱ አጠገብ ቆምኩ። ጋጋሪዋ እናት እርጥቡንና ረጅሙን የባሕር ዛፍ እንጨት፣ እንደ ልማዳቸው፣ ግማሹን ውጭ አስቀርተው ይማግዱታል። ከእንጨቱ ጫፍ አረፋ እየተንተከተከ ይወጣል፣ ጭሱም ዓይናቸውን ያስነባቸዋል። «እይ እስቲ ልጄ፣ እሳቱ እንጀራውን ትቶ የእንጨቱን ውኃ ያፈላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የእርጥብ እንጨት ሙቀት መጀመሪያ የሚውለው በውስጡ ያለውን ውኃ ለማትነን ነው። እንጨቱ በክንድ ርዝመት ተቆርጦና ተፈልጦ ቆርቆሮ ሥር ተደርድሮ ከደረቀ በኋላ ነው የደብተሩ ቁጥር መውረድ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳማክር ከምድጃው በፊት የእንጨት መጠለያ እንዲሠራ፣ ማገዶውም ክረምት ሳይገባ በበጋ ተገዝቶ እንዲከማች እነግራለሁ። ቀኑን ሙሉ ጭስ የምትምግ ጋጋሪ ጤናዋ እንደሚጎዳም ባለድርጅቱ ሊዘነጋው አይገባም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠቀም ቤት ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ እየለኮሰ ከሚጋግር ሊጡን አሰናድቶ በአንድ ዙር ቢጨርስ ይጠቀማል፤ ቀዝቃዛውን ምጣድ ማጋል ብቻ ብዙ ኃይል ይወስዳልና።

ከማገዶ ቀጥሎ የሚታየው ተረፈ ምርት ነው። በዚህ ረገድ የወሎ ሴቶች ለማንም መምህር የሚሆን ልማድ አላቸው፤ ጠላና አረቄ የሚያወጡት አተላውን ለከብት አድላቢ ይሸጣሉ፣ የተቀደደውና ያደረው እንጀራም በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ዘመናዊ ነኝ የሚለው ምግብ ቤት ግን ሁሉንም በአንድ በርሜል ቀላቅሎ፣ ለማስጣያም ከፍሎ ያስወጣዋል። መፍትሔው ከመነሻው መለየት ነው፤ ለድርቆሽ የሚሆነው ንጹሕ እንጀራ ለብቻው፣ የአትክልት ልጣጭ ለብቻው፣ ፕላስቲክና ካርቶን ለብቻው ይቀመጥ። ወጥ የነካው እንጀራ ለድርቆሽ አይሆንም፤ በአንድ ዕቃ ተቀላቅሎ የዋለም ዋጋ አያወጣም።

ላም የሚያረባ ወይም ከብት የሚያደልብ ድርጅት ባዮጋዝን ሊያስብበት ይገባል። እበቱ ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ወደ ማብላያው ጉድጓድ ሲገባ ለማብሰያ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል፤ የሚወጣው ዝቃጭም ለአትክልት ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ለቤተሰብ ማብሰያ የሚሆን አነስተኛ ማብላያ እንኳ በየዕለቱ የአራት ከብት ያህል እበት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የቦታ ልዩነት አለ። ጋዙን የሚያመነጩት ተሕዋስያን ሙቀት ስለሚወዱ ያው ማብላያ ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ከሚሰጠው ያነሰ ጋዝ በብርዳማዋ ደሴ ይሰጣል። ስለዚህ ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው ጉድጓዱን ከመሬት በታች ቀብሮ አፈር ሊያለብሰው፣ የሚጠብቀውንም የጋዝ መጠን ዝቅ አድርጎ ሊያሰላ ይገባል። ዝቃጩን የሚገዛ ገበሬ ቀድሞ መፈለግም ከዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ እርሱም ገቢ ሊያመጣ ይችላልና።

ውኃን በተመለከተ ደሴ ላይ ያለ ሰው የሚንቀው ሀብት ከጣሪያው የሚወርደው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ሆቴል 20 ሚሊሜትር ዝናብ በጣለበት ቀን 2,000 ሊትር ያገኛል፤ የሚፈሰውንና የሚተነውን ብንቀንስ እንኳ 1,600 ሊትር ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አሸንዳ፣ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውኃ የሚያስወግድ ቧንቧና ሮቶ ነው። ይህ ውኃ ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ይዋል እንጂ ሳይታከም ለመጠጥ አይቅረብ። በኮምቦልቻ አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ላቫጆዎችም ሁለት ተከታታይ ገንዳ ቢሠሩ ጭቃው በመጀመሪያው ይዘቅጣል፣ ዘይቱም ከላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ የጠራው ውኃ ለጎማና ለሻንሲ መልሶ ያገለግላል፣ ንጹሑ ለመጨረሻው እጥበት ብቻ ይቀመጣል። ዘይትና ቅባት ያዘለ እጣቢ ወደ ቦይ ሲለቀቅ መድረሻው የቦርከና ወንዝ ነው፤ ከታች ደግሞ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያለማ ወገን አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካይ ነገርን ወደ አካባቢ መልቀቅን ይከለክላል።

ፌስታልን በሚመለከት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የሚከለክል ሕግ አጽድቋል። ባለሱቆች ደንበኛ ጆንያ ወይም ዘንቢል ይዞ እንዲመጣ ከወዲሁ ቢያለማምዱ የማሸጊያ ወጪያቸውም ይቀንሳል።

የተቆጠበው ገንዘብ ከዕለት ሽያጭ ጋር ከተቀላቀለ ሳይታይ ስለሚያልቅ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የምድጃው ቁጠባ አሸንዳውን፣ የአሸንዳው ቁጠባ ሮቶውን ይግዛ። ሥራውን በብድር መጀመርን አልመክርም፤ ወለድ የመጀመሪያውን ዓመት ትርፍ ይበላዋል። ለደንበኛ «አካባቢን እንጠብቃለን» ብሎ መለጠፍም ከደብተሩ በኋላ ይምጣ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ይዟል፤ የውጭ ገዢዎች ደግሞ ስለ ውኃና ስለ ቆሻሻ አያያዝ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ምግብ ወይም ዕቃ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ከተለጠፈ ጽሑፍ ይልቅ የስድስት ወር ልኬት ይዞ ቢቀርብ ይሻለዋል። ሁለተኛው ልኬት ለውጡ ከተደረገ ከሦስት ወር በኋላ፣ በዚያው ሚዛንና በዚያው ደብተር፣ ከተቻለም የመጀመሪያውን በመዘገበው ሰው እጅ ይወሰድ።