ባንኮክን በአንድ ቀን፦ ሦስቱን የወንዝ ዳር የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ከአስጎብኚ ጋር እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ የሚወርድ ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ናና አካባቢ፣ በሱኩምዊት መንገድ ላይ ነው። ከሐኪም ቀጠሮ ወይም ከዕቃ ግዢ አንድ ቀን ሲተርፍ ቀኑን ሊያውሉባቸው የሚገቡ ሦስት ቦታዎች ቻው ፍራያ ወንዝ ዳር ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ታላቁ ቤተ መንግሥት ከነዋት ፍራ ኬው፣ ዋት ፖ እና ከወንዙ ማዶ ዋት አሩን። «ዋት» ማለት የመነኮሳት ገዳምና ቤተ መቅደስ ማለት ነው። ሦስቱን አዳርሶ ለመመለስ ችግር የሚሆነው ርቀቱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ረፋድ ላይ ተነስቶ ቤተ መንግሥቱ በር የደረሰ ሰው የሚቀበለው አናት የሚበሳ ፀሐይና በአውቶቡስ የመጣ ሕዝብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ በድካም ያልቃል።

እዚህ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ በር ላይ 8:30 የሚል ሲያዩ ከጠዋቱ 2:30 ማለት ነው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ደረሰኝ ላይ 2569 የሚል ዓመት ቢያዩ ደግሞ አይደናገጡ። ታይላንድ የምትጠቀመው የቡድሃ ዘመን ከእ.ኤ.አ. በ543 ዓመት ይቀድማል፤ ከእኛው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ እንደ ወሩ 550 ወይም 551 ነው።

ቀኑን መምረጥ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዚያ ወቅት የታመመ ሰው ይዞ ቤተ መንግሥቱን መዞር አንመክርም፤ ግቢው ሰፊና ንጣፉ ድንጋይ ነው፣ ጥላም እምብዛም የለውም። በክረምታቸው ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ጠዋቱን መጠቀም ይቻላል። ሦስቱም ቦታዎች በየቀኑ ክፍት ናቸው፤ ሆኖም ቤተ መንግሥቱ ንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ሲኖር በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ ማታውኑ የቤተ መንግሥቱን ድረ ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

ልብስ፦ ብዙ ሰው በር ላይ የሚመለስበት ምክንያት

የቤተ መንግሥቱ ጠባቂዎች ስለ ልብስ አይደራደሩም። ቁምጣ፣ አጭር ቀሚስ፣ የተቀዳደደ ጂንስ፣ ከሰውነት የተጣበቀ ሱሪ፣ ሰውነት የሚያሳይ ስስ ጨርቅና እጅጌ የሌለው ልብስ አይገባም። እህቶቻችንን በተለይ የሚያሳስታቸው አንድ ነገር አለ፤ ትከሻ የተራቆተ ልብስ ለብሶ ከላይ ነጠላ ወይም ሻሽ ጣል ማድረግ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስኬድ ይሆናል፣ እዚህ ግን አይበቃም። የሚፈለገው እጅጌ ያለው ልብስ ነው። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ያስገባል፤ ጨርቁ ሳሳ ያለ ከሆነ ከሥር ሌላ ልብስ ይደረብበት። የተሳሳተ ልብስ የለበሰ ሰው ከበሩ ፊት ለፊት ሰፋፊ ሱሪ ገዝቶ መመለስ ይችላል፤ ግን የጠዋቱን ሰዓት ያባክናል።

ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆነው ብዛቱ ነው፤ በቀኑ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ይወለቃል። ስለዚህ ክር የሌለው፣ ተጎትቶ የሚወጣ ጫማ ያድርጉ፤ ካልሲም ይያዙ፤ እኩለ ቀን ላይ የድንጋዩ ንጣፍ እግር ያቃጥላል።

አስጎብኚውን መያዝ

በታይላንድ ሕግ የአስጎብኚነት ሥራ ለአገሬው ዜጎች ብቻ የተተወ ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ ካርዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ባንኮክ የሚኖር የአገራችን ሰው «እኔ አዞርሃለሁ» ቢል በወዳጅነት አብሮ መሄዱ ደግ ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ማስጎብኘት ግን እሱንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ከአስጎብኚው ጋር በጽሑፍ መስማማት ያለብዎት በሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛ፣ ዋጋው የመግቢያ ትኬትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ቤተ መንግሥቱ ለብቻው ለውጭ ዜጋ 500 ባት ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ በመሃል የጌጣጌጥ ወይም የልብስ ሱቅ መግባት አለ ወይ? በርካሽ የሚቀርብ ጉብኝት ወጪውን የሚያካክሰው ከሱቅ በሚያገኘው ኮሚሽን ነው፤ «ሱቅ አንገባም» የሚለው ቃል በመልእክት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የት እንገናኝ? «ከሆቴል እንወስድዎታለን» የሚለው ምቹ ይመስላል፤ ግን የባንኮክ የጠዋት ትራፊክ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ይበላል። በባቡር ሄዶ እዚያው መገናኘት ይሻላል።

የእኛ ምክር አስጎብኚውን ለግማሽ ቀን ብቻ፣ ለቤተ መንግሥቱና ለዋት ፖ መያዝ ነው። በእነዚህ ሁለቱ ማብራሪያ ከሌለ የሚታየው ወርቅና መስታወት ብቻ ነው። ዋት አሩን ግን ዓይን ይበቃዋል።

መንገዱ

ከናና ጣቢያ በሰማይ ባቡሩ (BTS) አንድ ፌርማታ ሄደው አሶክ ይውረዱ። ከዚያ ከመሬት በታች ወደሚሄደው ምድር ባቡር (MRT)፣ ሱኩምዊት ወደሚባለው ጣቢያ ይሻገሩ፤ የሁለቱ ባቡሮች ትኬት የተለያየ ነው። በሰማያዊው መስመር ወደ ላክ ሶንግ የሚሄደውን ይያዙ። ዘጠነኛው ፌርማታ ሳናም ቻይ ነው። በ2019 የተከፈተ ጣቢያ ሲሆን ውስጡ በጥንታዊ የዙፋን አዳራሽ አምሳያ ስለተሠራ ሰዎች ከባቡር ወርደው ፎቶ የሚነሱበት ሆኗል። የምድር ባቡሩ ዋጋ ከ50 ባት አይበልጥም። ከሆቴል በ1:15 ከወጡ ሳይጣደፉ ይደርሳሉ።

ከጣቢያው እስከ ቤተ መንግሥቱ የጎብኚ በር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። በመንገዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ዋት ፖን ነው። «እግረ መንገዳችንን እንግባ» ማለት ያምራል፤ ግን አይግቡ። ዋት ፖ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል፤ የቤተ መንግሥቱ ጸጥታ ግን ከበሩ መከፈት በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም።

እዚህ መንገድ ላይ አንድ ሰው ቀርቦ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ተዘግቷል፤ እስከ ከሰዓት ድረስ በ20 ባት በባጃጅ ሌላ ቤተ መቅደስ ላሳይዎ» ሊል ይችላል። ሰውየው ሸሚዝ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው የተጣራ፣ ትሑት ነው። ባጃጁ (እነሱ ቱክ ቱክ ይሉታል) መጨረሻ ላይ የሚያቆመው የከበረ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ በር ላይ ነው። ክፍት ነው ዝግ ነው የሚለውን ትኬት መስኮቱ ላይ ካለ ሠራተኛ በስተቀር ከማንም አይስሙ።

ቤተ መንግሥቱና ዋት ፍራ ኬው፦ ከ2:30 እስከ 4:45

ግቢው የተመሠረተው በ1782፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማውን ከወንዙ ምዕራብ ዳር ወደ ምሥራቁ ባሻገረ ጊዜ ነው። ሲገቡ በቀጥታ ወደ ዋናው አዳራሽ፣ «የመረግድ ቡድሃ» ወዳለበት ይሂዱ፤ ዙሪያውን ኋላ ይመለሱበታል። ምስሉ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነና ከፍ ባለ መንበር ላይ ስለተቀመጠ ብዙ ሰው «ይኼው ነው?» ብሎ ይወጣል። አስጎብኚው ዋጋውን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ እንደሚለው በ1434 በሰሜን ታይላንድ ቺያንግ ራይ አንድን ስቱፓ (ጫፉ ሾጣጣ የሆነ የቡድሂስቶች ቅዱስ ግንብ) መብረቅ መትቶት በኖራ የተለበጠ ምስል ተገኘ። የአፍንጫው ልባጥ ሲረግፍ አረንጓዴ ድንጋይ ታየና መረግድ መሰላቸው፤ በእውነቱ ጄድ ነው። ከዚያ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር ቆይቶ ከላኦሷ ቪየንቲያን በጦርነት የተማረከው ኋላ ቀዳማዊ ራማ በሆነው የጦር አዛዥ ነው። እስከ ዛሬ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሙቀት፣ በዝናብና በቅዝቃዜ ወራት መግቢያ፣ ልብሱን የሚቀይርለት ንጉሡ ነው። የትኛውን ልብስ ለብሶ እንዳገኙት ይጠይቁ።

አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። ባርኔጣ ይወልቃል፤ ሲቀመጡ የእግርዎ መዳፍ ወደ ምስሉ እንዳይዞር እግርዎን ወደ ኋላ አጥፈው ይቀመጡ። የበሩን መድረክ ተራምደው ይለፉ እንጂ አይርገጡት። ክርስቲያንም ይሁኑ ሙስሊም ማንም ስገዱ ወይም ዕጣን አጭሱ አይልዎትም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ በቂ አክብሮት ነው።

ከዚያ ግቢውን በከበበው ግድግዳ ላይ በ178 ክፍል የተሣለውን የራማኪየን ታሪክ ይመልከቱ። የሕንዶች ጥንታዊ የጀግንነት ታሪክ የሆነው ራማያና የታይ ልብስ ለብሶ ማለት ነው። ሁሉንም ማየት አይቻልም፤ አስጎብኚውን ሁለት ሦስት ትዕይንት ብቻ መርጦ እንዲተርክ ይጠይቁት። ነጩ የዝንጀሮ ጀግና ሐኑማን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዘል ልጆች ራሳቸው ይከተሉታል። ትኬቱ የንግሥት ሲሪኪት የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየምንም ይጨምራል። በግቢው ውስጥ ስለሆነና ቀዝቃዛ አየር ስላለው፣ ስለ ሽመናና ጥልፍ ምንም ፍላጎት ባይኖርዎት እንኳ ለ20 ደቂቃ ይግቡበት።

ዋት ፖ፦ ከ5:00 እስከ 6:30

መግቢያው 300 ባት ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፤ ከፍታው 15 ሜትር ነው። አዳራሹ ከምስሉ እምብዛም ስለማይሰፋ ሙሉውን በአንድ ፎቶ ማስገባት የሚቻለው ከእግሩ በኩል ብቻ ነው። የእግሮቹ መዳፍ በ108 ክፍል ተከፍሎ በዛጎል የተለበጠ ሥዕል አለበት። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሳንቲም የሚጥሉበት ለበረከት ነው፤ ካልፈለጉ ያልፉታል። ጫማ የሚያስገቡበት ከረጢት በር ላይ ይሰጣል።

አብዛኛው ሰው ይህን አይቶ ይወጣል፤ ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። ሣልሳዊ ራማ ይህን ግቢ የሕዝብ ትምህርት ቤት አድርጎት ነበር። ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ መንግሥት ዕውቀት በድንጋይ አስቀርጾ በየግድግዳው አኖረ። ከ1831 እስከ 1841 የተቀረጹት 1,431 ጽሑፎች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ማስታወሻ መዝገብ ሰፍረዋል። የሰው አካል ተሥሎ የመታሻ ነጥቦቹ በመስመር የተያያዙበትን ድንጋይ አስጎብኚው ያሳይዎት። የታይ ማሸት ባህል፣ በ2019 ዩኔስኮ የመዘገበው፣ እዚህ ጋር ሥር አለው። በግቢው ያለው የማሸት ትምህርት ቤት ዛሬም ይሠራል፤ ዋጋው ተለጥፎ ይታያል፣ ወረፋው ግን ቀን ላይ ይረዝማል። የደም ግፊት ያለበት ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽ፤ አሻሻቸው ጠንከር ያለ ነው።

አራቱ ትልልቅ ባለቀለም ስቱፓዎች ራማ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ነገሥታት መታሰቢያ ናቸው፤ አረንጓዴው የአንደኛው፣ ነጩ የሁለተኛው፣ ቢጫው የሦስተኛው፣ ሰማያዊው የአራተኛው። አስጎብኚውን እዚህ ያሰናብቱ።

ምሳ፣ በተለይ ለጿሚ

ከዋት ፖ ጀርባ ታ ቲየን የጀልባ ማቆሚያ ጋ ምግብ ቤቶች አሉ። በጾም ወቅት «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። አትክልት ብቻ የመሰለው ወጥ የዓሣ ሶስ (ናም ፕላ)፣ የሽሪምፕ ድልህ ወይም እንቁላል ይኖርበታል። የሚያድነው ቃል «ጄ» ነው። ወንድ «ኪን ጄ ክራፕ»፣ ሴት «ኪን ጄ ካ» ይላሉ። ከእንስሳት የተገኘ ምንም የሌለበት የቡድሂስቶች ጾም ምግብ ነው፤ የሚሸጥበት ቤት ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይሰቅላል። ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ለእኛ ምላስ ትንሽ ይቀላል፤ ሚጥሚጣ ከያዙ ጥሩ።

ዋት አሩን፦ ከ9:00 በኋላ

ከታ ቲየን የማሻገሪያው ጀልባ 5 ባት ነው። «ለብቻችሁ ልውሰዳችሁ» የሚል የረጅም ጀልባ ባለቤት ብዙ እጥፍ ስለሚጠይቅ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም የምትቀበለዋን ሴት ይፈልጉ። መግቢያው 200 ባት ነው።

ግንቡን የሸፈነው ያ ሁሉ አበባ የተሠበረ የቻይና ሸክላ ነው። ከቻይና የሚመጡ መርከቦች ሚዛን እንዲጠብቁ ሸክላ ይጭኑ ነበር፤ ስብርባሪው ለጌጥ ዋለ። ቀርበው ቢያዩ የሳህን ጠርዝና የሲኒ ቂጥ ይለያሉ። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ ለጎብኚ የተፈቀደውም እስከ መካከለኛው ሰገነት ድረስ ብቻ ነው። ሲወርዱ በጎን ዞረው፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ይውረዱ፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ከታች ቢቀር ምንም አይጎድልበትም።

ለፎቶ አንድ ነገር ይወቁ። ቤተ መቅደሱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወንዙ ስላዞረ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባው ናት። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚነሱት ፎቶ ይጠቁራል። ሲመሽ ወደ ታ ቲየን ተመልሰው ከማዶ ይመልከቱት፤ የግንቡ ጥላ በብርቱካናማ ሰማይ ላይ የሚታየው ያኔ ነው። ልክ 12 ሰዓት ላይ የሕዝብ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ከተሰማና ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ እርስዎም ይቁሙ።

ሂሳቡና የቀሩት ጥንቃቄዎች

ለአንድ ሰው ሦስቱ መግቢያ 1,000 ባት፣ ጀልባው ደርሶ መልስ 10 ባት ነው። አስጎብኚው፣ ምሳውና ባቡሩ በዚህ ላይ ይደመራሉ። ዋጋው ከጊዜ ጊዜ ስለሚጨምር ትንሽ ትርፍ ይያዙ፤ ገንዘቡም ጥሬ ባት ይሁን።

ሴቶች መነኩሴን እንዳይነኩ፣ ዕቃም በቀጥታ በእጁ እንዳይሰጡት ይጠንቀቁ። የልጅ ራስ መዳበስ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ እነሱ ዘንድ ራስ የተከበረ ስለሆነ አይነካም። ስለ ንጉሡና ቤተሰቡ በቀልድ እንኳ ክፉ ቃል አይናገሩ፤ በእስራት የሚያስቀጣ ሕግ አለ። ለማስታወሻ ብለው የቡድሃ ምስል ከገዙ ደግሞ ከአገር ለማስወጣት የጥበባት መምሪያ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ አለበለዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊቀር ይችላል። የዋት አሩን ግንብ ያለበት ማግኔት ግን ማንም አይነካብዎትም።