ቀባሁት፣ ግን አልጠፋም፦ የጠባሳ ችግርና መፍትሄ

ጠባሳ አይፋቅም። ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ሰውነት ክፍተቱን የሚደፍነው በጥድፊያ ነው፤ ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ክሮቹ በጤነኛ ቆዳ ላይ እንዳሉት ተጠላልፈው ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ተኮልኩለው ይቀራሉ። ማር፣ እሬት ወይም ዘይት ይህን ስፌት ፈትቶ እንደገና አይሰፋውም። ሊያለሰልሰውና ማሳከኩን ሊያስታግሰው ግን ይችላል፤ ያም ቀላል ነገር አይደለም።

«ያልሞከርኩት የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው ምን እንደቀባ ሳይሆን፣ ምልክቱ በጣት ሲዳሰስ ምን እንደሚመስል ነው። ልሙጥ፣ ከፍ ያለና የጎደጎደ ምልክት መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ሲዳሰስ ልሙጥ ነው፤ የጠቆረው ቀለሙ ብቻ ነው

ይህ ጠባሳ አይደለም። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ሰሪ ሕዋሳቱ ሜላኒን ያበዛሉ፤ ብጉሩ ወይም ጭረቱ ድኖ ጥላው ይቀራል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይበረታል። እንዳይደበዝዝ የሚይዘው በተለይ ፀሐይ ነው። ስለዚህ በልብስ ወይም በባርኔጣ ከልሉት፤ ውጭ ስትውሉ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየሁለት ሰዓቱ ደርቡበት፤ ከዚያ ወራት መታገሥ ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይቀባም ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ፣ ብዙ የቤት ቅባት ያልሠራበትን ምስጋና የሚወስደው እዚህ ላይ ነው።

ከቀባሁት በኋላ ባሰበት

በጣም የማዝነው በዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱን ያመጣው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ተጠርጣሪው ቁጥር አንድ ሎሚ ነው። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ ወደ 2 ይወርዳል። በዚያ ላይ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው፣ በሎሚው ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ቆዳውን ሊያቃጥሉት፣ ውሃ ሊያስቋጥሩትና ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ሊተዉበት ይችላሉ። ተወቅጦ የታሰረ ነጭ ሽንኩርትም ያቃጥላል። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው አልካላይን ስለሆነ የቆዳውን መከላከያ ያናጋል።

ቫይታሚን ኢ ስሙ ከሥራው የገነነ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 15 ሰዎች የተሳተፉበት አነስተኛ ጥናት ላይ ከተቀባባቸው ጠባሳዎች 90 በመቶው ወይ አልተለወጡም ወይ ብሶባቸዋል፤ ከሦስት ሰው አንዱን ደግሞ ቆዳውን አስቆጥቶታል።

መፍትሄው ማቆም ነው። በውሃ ታጥቦ፣ እስኪረጋጋ ድረስ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ብቻ ይቀባ፤ ፀሐይም አያግኘው። ወደፊት አዲስ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት በክንዳችሁ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብታችሁ ሁለት ቀን ተከታተሉት።

ከፍ ብሏል፣ ይጠነክራል፣ ያሳክካል

ድንበሩን ተመልከቱ። እብጠቱ ቁስሉ ከነበረበት መስመር ካልወጣ ኮላጅን በዝቶበት ነው፤ ጠባሳ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ራሱን ማስተካከሉን ስለማያቆም፣ በሁለተኛው ወር ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከጠገገ በኋላ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ጫን እያደረጉ ማሸት ሊያላላው ይችላል። የወይራ ይሁን የኮኮናት ዘይት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ሥራው የእጅ ነው፣ ዘይቱ እንዳይፈገፍግ ብቻ ነው። «ተፈጥሯዊ» ባይሆንም በተሻለ የተፈተነው የሲሊኮን ልጣፍ ነው፤ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ለሁለት ሦስት ወር ይለጠፋል።

እብጠቱ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ጤነኛ ቆዳ ላይ ከተስፋፋ ግን ኬሎይድ ነው። ጆሮ ላይ፣ ደረትና ትከሻ ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይሄዳል። እዚህ ላይ ማርና እሬት ጊዜ ከማባከን አያልፉም። የቆዳ ሐኪም የስቴሮይድ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ዝም ብሎ ማስቆረጥም አደገኛ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ሕክምና ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ተመልሶ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ገዝፎ ይበቅላል።

የጎደጎደ ነው

የብጉርና የጉድፍ ጠባሳ ሥጋው ስለጎደለ ነው። የትኛውም ቅባት አይሞላውም፤ በሐኪም የሚሠራ ሌዘር ወይም ቆዳውን በጥቃቅን መርፌዎች የመብሳት ሕክምና ይሻላል።

ቁስሉ ገና አልሻረም

የቤት እንክብካቤ ትልቁን ውጤት የሚያመጣው አሁን ነው። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ቆዳ ላይ እንዳሳየው፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ደርቆ ቅርፊት ከያዘው ይልቅ በእጥፍ ገደማ ፍጥነት በቆዳ ይሸፈናል። በውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ቫዝሊን ቀብቶ መሸፈን፣ ቅርፊቱን አለመላጥ። ማርም ለቁስል ጥሩ ስም አለው፤ ነገር ግን በሕክምና የሚሠራበት ከጀርም የጸዳው ነው፣ የማዕድ ቤቱ አይደለም። ካመረቀዘ፣ ዙሪያው ከጋለ ወይም መግል ከያዘ ግን ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

መገጣጠሚያ ላይ ያለ የቃጠሎ ጠባሳ እጅ ወይም ጉልበት እንዳይዘረጋ ከያዘም እንዲሁ። ለዓመታት ደህና ሆኖ ኖሮ ድንገት የሚቆስልና የማይድን አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳም ሐኪም ይየው፤ አልፎ አልፎ የቆዳ ካንሰር የሚጀምረው እንዲህ ነው።