ልጅ ቁርኣን ሲቀራ ከተሳሳተ

ቁርኣን ለምታስቀሩ ኡስታዞችና ወላጆች፦ ልጁ ሲሳሳት ወዲያው አትጩሁበት። ትንሽ ጠብቁት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ካላረመ ከስህተቱ በፊት ያለውን ቃል ብቻ አንብቡለት። አሁንም ከሳተ ትክክሉን አሰምታችሁ 3 ጊዜ አስደግሙትና አያውን (አንቀጹን) ከመጀመሪያው ያንብብ።

በአንድ ቁጭታ አንድ ዓይነት ስህተት ማረም ይበቃል። በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ «አልሐምዱ» ላይ ሐን እንደ ሀ የሚያነበው ሰንፎ አይደለም፤ በንግግራችን ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው። ሀ ከጉሮሮ ሥር፣ ሐ ከጉሮሮ መካከል እንደሚወጣ አሳዩት፤ አፋችሁን እያየ ይድገም።

አለንጋ የሚፈራ ልጅ ድምፁን ይውጣል። ያልተሰማ ስህተት ደግሞ አይታረምም፤ እንዲሁ ይሸመደዳል፣ በኋላ ማስለቀቁ መከራ ነው።

ለልጁ ማዘን ማለት ግን ስህተቱን ማለፍ አይደለም። የነቢዩ ባልደረባ የነበረው ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም ሶላት ውስጥ ሲናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልመቱትም፣ አልሰደቡትም፤ ሶላት ውስጥ የሰው ንግግር እንደማይገባ ግን በግልጽ ነገሩት። ሌላውን ባልደረባቸውን ሙዓዝንም እጁን ይዘው በመጀመሪያ «ወላሂ እወድሃለሁ» አሉት፤ ከሶላት በኋላ የሚባለውን ዱዓ ያስተማሩት ከዚያ ቀጥለው ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ኪታቡ ከመከፈቱ በፊት ልጁን በስሙ ጠርቶ ሰላም ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።