የእንግሊዝ ጡብ ቤቶችን ዕድሜ ከፎቶ ላይ እንዴት እንደምታውቁ

አዳማ አርክቴክቸር የምትማሩና የታሪክ አሳይመንት ደርሷችሁ የለንደን ተያያዥ ቤቶች ፎቶ ላይ ያፈጠጣችሁ ልጆች፣ በሩንና ቀለሙን እርሱት፣ በር ሁሌ ይቀየራል። መስኮቱ ላይ ዙም አድርጉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)

ለንደን በ1666 ከተቃጠለች በኋላ ህጉ ፊት ለፊት ላይ የሚታይ እንጨት አልወድም እያለ መጣ፣ የ1709ኙ ፍሬሙ ከግድግዳው ፊት 10 ሳንቲም አካባቢ ወደ ውስጥ ይግባ አለ፣ የ1774ቱ ደግሞ የፍሬሙ የእንጨት ሳጥን ራሱ ከጡቡ ጀርባ ይደበቅ አለ። ስለዚህ ፍሬሙ ከጡቡ እኩል ከሆነ ቤቱ የቆየ ነው፣ ገባ ብሎ ወፍራም እንጨት ከታየ መሃል ላይ ነው፣ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ከታየ ከ1774 በኋላ በሉ። ግን ህጉን ሁሉም ወዲያው አላከበረም፣ ከለንደን ውጪ ደግሞ ነገሩ የደረሰው ዘግይቶ ነው። መስታወቱ ትልልቅ ከሆነ ቤቱ አዲስ ነው ወይ መስኮቱ ተቀይሯል፣ ትልቅ መስታወት ያስወደደው የመስታወት ግብር የተነሳው በ1845 ነው።

ቀጥሎ የጡቡ አደራደር። እኛ ብሎኬት ስለለመድን ረጅሙ ጎን ብቻ ነው የሚታየን፣ እዛ ግን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አንዳንዱ ጡብ ወደ ውስጥ ይገባና አጭር ጫፉ ብቻ ይታያል። በአንድ ረድፍ ረጅም አጭር ረጅም አጭር እያለ ከሄደ ፍሌሚሽ ነው፣ አንዱ ረድፍ ሙሉ ረጅም ቀጣዩ ሙሉ አጭር ከሆነ ኢንግሊሽ። ሁሉም ረጅም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳ ነው። በነገራችን ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ ለሁለት ሰብረው አጭሩን ጫፍ እያሳዩ ፍሌሚሽ አስመስለው የሸጡ ነበሩ፣ ፊቱ ከኋላው ጋር ስላልተያያዘ አሁን ሆዱ ተነፍቶ ታዩታላችሁ፣ ግንበኛ እዛም እዚህም ግንበኛ ነው 😄

ልኬት ከሌላችሁ ረድፍ ቁጠሩ፣ አራት ረድፍ ከነሞልታው 30 ሳንቲም ገደማ ነው። ከ1784 እስከ 1850 ግን የጡብ ግብር ነበረ፣ የሚከፈለውም በጡብ ቁጥር ስለነበር አንዳንዱ ጡቡን አተልቆታል፣ ስለዚህ በበሩ ቁመት አመሳክሩ።

አውቶካድ ላይ ዝግጁውን የጡብ ሀች አትጠቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ብቻ ነው የሚደረድረው፣ ሁለት ረድፍ ፍሌሚሽ ራሳችሁ ሳሉና ኮፒ እያደረጋችሁ ውጡ።