የአንጎል ሞገድ ዳታ በኤአይ ስትተነትኑ ከሞዴሉ በፊት የሚሠራው ሥራ

የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘው ኮዬ ፈጬ ድረስ የሚመጡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የትኛው ሞዴል እንደሚሻል ነው። እኔ ደግሞ ዳታውን በዓይናቸው አይተውት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ አላዩትም።

ለልምምድ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የተቀዳውንና ፊዚዮኔት በሚባለው የሕክምና ዳታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚገኘውን ሲኤችቢ ኤምአይቲ የሚባል ዳታ እመክራለሁ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ኢኢጂ (ራስ ቅል ላይ ተለጥፎ የሚቀዳ የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ) ነው፤ በሰከንድ 256 ጊዜ የተለካ፣ አብዛኛው ፋይል 23 ቻናል ያለው፤ እያንዳንዱ ቻናል ከአንድ የራስ ክፍል የሚመጣ መስመር ነው። ብታሰሉት የአንድ ሰዓቱ ቅጂ ብቻ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ነው፤ 42 ሜጋባይት ገደማ። ሙሉው ከ40 ጊጋባይት ስለሚያልፍ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። በቀጥታ ጎግል ኮላብ (ኮዳችሁን በጎግል ኮምፒውተር ላይ የሚያሠራው አገልግሎት) ላይ አውርዱት፤ ፓኬጃችሁ አይነካም።

ኤምኤንኢ የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ጫኑና የመጀመሪያዋን ልጅ ሦስተኛ ፋይል ክፈቱ። 2996ኛው ሰከንድ ላይ የሚጥለው ይነሳል፤ 3036 ላይ ይቆማል። እሱን ካያችሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቀሪውን አሥር አሥር ሰከንድ እያደረጋችሁ ተመልከቱ። ግንባር አካባቢ ባሉት ቻናሎች ላይ ጉብ እያለ የሚመለሰው ትልቅ ሞገድ የዓይን መርገብገብ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ መስመሩን የሚያጠቁረው ጡንቻ ነው፤ መንጋጋ ሲነከስ የሚመጣ። ይህን ያልለየ ሰው ሞዴሉ አንጎል ይማር መንጋጋ ማወቂያ የለውም።

ፊልተር ላይ ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት) ያለውን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል ለጀማሪ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን የምትፈልጉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የመብራት ኤሌክትሪክ ቅጂው ውስጥ ይገባል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሰው እሱን ለማጥፋት በልማድ 50 ላይ ይቆርጣል። የቦስተን መብራት 60 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ በሽታው የተነሳው ለ40 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ «ምንም የለም» የሚል ፕሮግራም ከመቶ 98.9 ያህል ያገኛል! አኩረሲ (ከመቶ ስንቱን በትክክል እንደመለሰ) ብቻ ይዛችሁ መምህር ፊት አትቅረቡ። ከተነሱት ስንቱን ያዘ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ በውሸት ጮኸ፣ እነዚህን ሁለቱን ጻፉ።

ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ስትከፍሉም በሰው ክፈሉ። ከቅጂው የተቆረጡትን አጫጭር ቁርጥራጮች ቀላቅሎ በዘፈቀደ መክፈል ፈተናውን ከነመልሱ እንደ መስጠት ነው፤ ሞዴሉ በሽታውን ትቶ ልጁን ይለያል። በዚህ ዳታ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፦ 1ኛውና 21ኛው ታካሚ አንድ ልጅ ናት፣ ከዓመት ተኩል በኋላ እንደገና የተቀዳች። ሁለቱን በአንድ ወገን አድርጓቸው።

ሞዴሉ ቀላል ነው። በየፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሰከንድ በሚነዝርበት ልክ) ያለውን ጉልበት አስልታችሁ ራንደም ፎረስት ለሚባለው፣ ብዙ የውሳኔ ዛፎችን ድምፅ ለሚያሰጥ ቀላል ሞዴል ስጡት፤ እሱ ከሠራ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኢኢጂኔት የሚባል ለኢኢጂ የተሠራ ኒውራል ኔትወርክ ሞክሩ፣ ትንሽ ስለሆነ ኮላብ አይከብደውም። እኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ በየሥልጠናው ዙር ጎግል ድራይቭ ላይ ሴቭ እንዲያደርግ አዝዙት።

ከዚህ አገር ሆስፒታል ዳታ ካገኛችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይቅደም። የፋይሉን ስም መቀየር ብቻውን ታካሚውን አይደብቅም፤ ኢኢጂ የሚቀመጥበት ኢዲኤፍ የሚባል የፋይል ዓይነት መግቢያው ላይ 80 ፊደል የሚይዝ የታካሚ መለያ ቦታ አለው። ፋይሉን ለጓደኛ ከመላካችሁ በፊት ያንን ቦታ ከፍታችሁ አጥፉ።